ፒኮ፣ ኑክሊዮ ወይስ ሬድ ፒታያ? ለመለኪያ መሣሪያ ቦርድ ለምትገዙ

የላብ መለኪያ በራሱ እጅ ሊሠራ የተነሳ ሰው ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው ሁለት ቁጥር ላይ ነው፤ ስንት ቢት፣ ስንት ሜጋኸርዝ። ሻጮቹም በትልቁ የሚጽፉት እነዚህን ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ልትለኩት ያሰባችሁት ሲግናል ምን ያህል ትንሽ ነው? ምን ያህልስ ይፈጥናል? ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ውድ ቦርድ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ለማነጻጸር ሦስት መንገድ መርጫለሁ። አንደኛው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ 2 ነው፤ ግን ብቻውን ሳይሆን ኤዲኤስ 1256 የሚባል ባለ 24 ቢት ኤዲሲ ተቀጥሎበት። ኤዲሲ ማለት ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ ነው። ሁለተኛው የኤስቲ ኩባንያ ኑክሊዮ ኤች743 ነው። ሦስተኛው የስሎቬኒያው ሬድ ፒታያ 125-14። ዋጋቸው ጨርሶ አይቀራረብም። ፒኮ 2 ሲወጣ 5 ዶላር ነበር። ኑክሊዮው 30 ዶላር አካባቢ ነው። ሬድ ፒታያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ያስወጣል።

ከቀርፋፋው ሲግናል እንጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሠራው እሱን ስለሆነ። ኬ የሚባለው የቴርሞካፕል (ከሁለት ዓይነት ብረት ሽቦ የሚሠራ የሙቀት ሴንሰር) ዓይነት ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ያህል ነው። የፒኮ 2 የራሱ ኤዲሲ 12 ቢት ነው፤ 3.3 ቮልትን ለ4096 ይከፍላል። አንዱ እርከን 0.8 ሚሊቮልት መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ያህል ካልተለወጠ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም! ውዱ ሬድ ፒታያስ? በ±1 ቮልት ሲሠራ 14 ቢቱ 122 ማይክሮቮልት ላይ ያደርሰዋል። ይህም 3 ዲግሪ ነው። አማካይ እየወሰዱ ማሻሻል ይቻላል፤ ግን በቀርፋፋ ሲግናል ላይ የቦርዱ የራሱ መንሸራተት ይመጣና ነገሩን ያበላሸዋል።

ኤዲኤስ 1256 ውስጡ እስከ 64 እጥፍ የሚያጎላ አምፕሊፋየር አለው። በሙሉ ማጉላት እርከኑ በወረቀት ላይ ከ0.01 ማይክሮቮልት በታች ይወርዳል። በወረቀት ላይ ያልኩት አውቄ ነው። ከ24ቱ ቢት የመጨረሻዎቹ ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናሉ ላይ የሚደረብ የማይፈለግ ውዝዋዜ፣ ናቸው፤ ፍጥነቱን በጨመራችሁ ቁጥር ደግሞ ኖይዝ የሚበላው ቢት ይበዛል። በሴኮንድ 30 ሺህ ናሙና ይወስዳል ተብሎ በ30 ሺህ ማስኬድ የለባችሁም። ዝግ ሲል ነው ጥሩነቱ የሚታየው። እንደዚያም ሆኖ ለሙቀት፣ ለፒኤች፣ ለሚዛን ሴንሰር ከሦስቱ እሱን የሚያህል የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ቺፕ በሴኮንድ 50 ናሙና ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ፊልተር የ50 ኸርዝ የመብራት ኖይዝን ያጠፋል። በ60 ሲቀመጥ ደግሞ የ60ውን። የኢትዮጵያ፣ የአውሮፓና የእስራኤል መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካና የሳዑዲ 60። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ጓደኛችሁ ለ60 አድርጎ የላከላችሁን ኮድ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ ካስኬዳችሁት ልኬቱ ያለ ምክንያት ሲወዛወዝ ታያላችሁ። 10 ላይ ብታደርጉት ሁለቱንም ይገድላል፤ ዝግታው ካላስቸገራችሁ እሱ ይሻላል።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ሴይስሞሜትር (የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ) መሥራት የሚያጓጓው ሰው ይኖራል። ለዚህም ምርጫው ያው ነው። የተለመደው 4.5 ኸርዝ ጂኦፎን (የመሬት ንዝረትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ሴንሰር) መሬት በሴኮንድ 1 ማይክሮሜትር ሲንቀሳቀስ 29 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል። በሴኮንድ 100 ናሙና ይበቃል። ግን በዚህ ፍጥነት የ50ው ዘዴ አይሠራም፤ ያላችሁ አማራጭ ሴንሰሩን ከመብራት ሽቦ ማራቅ ነው። ገንዘብ ከተረፋችሁ ፈጣን ቦርድ ሳይሆን ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጥ ጂፒኤስ ሞጁል ግዙ። የመጀመሪያው ሞገድ በዓለት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ0.1 ሴኮንድ የሰዓት ስህተት የመነሻውን ርቀት 600 ሜትር ያሳስታል። ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የዓለም አቀፉ የመሬት መንቀጥቀጥ መረብ ጣቢያ የሚሠራውን አይሠራም፤ ግን ለትምህርት ቤት ግሩም መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ መካከለኛው። በፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሴንሰር) የሚለካ ደካማ ብርሃን፣ አልትራሳውንድ፣ ወይም ደካማ ሲግናልን ከኖይዝ ለይቶ የሚያወጣ የሎክ ኢን አምፕሊፋየር ሥራ ከሆነ ኑክሊዮ ይምጣ። ሦስት ባለ 16 ቢት ኤዲሲ አለው፤ እያንዳንዱ በሴኮንድ እስከ 3.6 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል። 480 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ የነጥብ ቁጥር ሒሳብ በራሱ ሃርድዌር ይሠራል። ሎክ ኢን ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ኤልኢዲውን በታወቀ ፍሪኩዌንሲ ታበሩታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ። የተቀበላችሁትን በዚያው ፍሪኩዌንሲ ሳይን እና ኮሳይን ታባዛላችሁ። ከዚያ 1 ኸርዝ አካባቢ በሚቆርጥ ፊልተር ታሳልፉታላችሁ። የክፍሉ መብራት፣ የመስኮቱ ፀሐይ ሁሉ ይቀራል። ፍሪኩዌንሲውን 1000 ኸርዝ አታድርጉት፤ የ50 ብዜት ነው፣ የመብራቱ ሃርሞኒክ (የ50 ኸርዙ ብዜት የሆነ ኖይዝ) እዚያው ይጠብቃችኋል። 1037 ዓይነት ቁጥር ምረጡ። የማባዛቱና የፊልተሩ ኮድ በነፃው ሲኤምኤስአይኤስ ዲኤስፒ ላይብረሪ ውስጥ አብዛኛው ተዘጋጅቷል።

የኑክሊዮ ድክመቱ ከ16ቱ ቢት መጨረሻ ያሉት ሁለት ሦስቱ የይስሙላ መሆናቸው ነው። ኤዲሲው የሚለካበት ማመሳከሪያ ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩ ከሚጠጣው ከ3.3 ቮልት መስመር ስለሚመጣ የዲጂታሉ ጩኸት ይገባበታል። ጥቂት ዶላር የሚያወጣ የተለየ ሪፈረንስ ቺፕ ብታደርጉለት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

«ቴንሲ 4.1 የሚባለው ቦርድስ?» የሚል አይጠፋም። ፕሮሰሰሩ 600 ሜጋኸርዝ ነው፣ በአርዱዊኖ ስለሚጻፍ ደግሞ በጣም ይቀላል። ግን የራሱ ኤዲሲ 12 ቢት ተብሎ ከኖይዝ የሚተርፈው 10 ያህሉ ነው። ውጫዊ ኤዲሲ ልትቀጥሉበት ከሆነ ከኑክሊዮ እመርጠዋለሁ። ካልሆነ ይቅር።

ሬድ ፒታያ ቦታው ፈጣን ፐልስ፣ ማለትም ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሲግናል፣ ያለበት ነው። ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ላይ የጋማ ጨረር ሲያርፍ የሚወጣው ብርሃን የሚከስመው በ230 ናኖሴኮንድ ገደማ ነው። ኑክሊዮ በአንድ ኤዲሲ ናሙና የሚወስደው በየ278 ናኖሴኮንዱ ስለሆነ ፐልሱ በሁለት ናሙና መሃል ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል። ሬድ ፒታያ በሴኮንድ 125 ሚሊዮን፣ ማለትም በየ8 ናኖሴኮንዱ ያያል። በዚያው ጊዜ ውስጥ 28 ናሙና ያህል ያገኛል። በእርግጥ ፐልሱን በአናሎግ ሰርኪት አስፍቶ በኑክሊዮ መለካትም ይቻላል፤ ለተማሪ ሥራ በቂ ነው። ቆጠራው በጣም ሲበዛ ግን የሰፉት ፐልሶች አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ።

የሬድ ፒታያ ጉልበቱ ኤዲሲው ብቻ አይደለም። ዚንክ 7010 የሚባለው ቺፕ ኤፍፒጂኤ (ውስጡ ያለውን ሰርኪት ራሳችሁ የምታዋቅሩት ቺፕ) እና ሊኑክስ የሚያስኬድ ፕሮሰሰር በአንድ ላይ ይዟል። ኤፍፒጂኤው የግድ ነው። ከአንድ ቻናል በሴኮንድ 250 ሜጋባይት ይወጣል፣ የኔትወርክ ገመዱ ደግሞ ቢበዛ ግማሹን ነው የሚችለው። ስለዚህ ሒሳቡ እዚያው ቦርዱ ላይ መሠራት አለበት። ራሳችሁ ልትጽፉት ካሰባችሁ ቪቫዶ የሚባለውን ሶፍትዌር ታወርዳላችሁ። ነፃ ነው፤ ግን በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ነው። በእኛ ኢንተርኔት ይህን ከዋጋው ጋር ደምሩት። መማሩም ወራት ይፈልጋል። መጻፍ የማትፈልጉ ከሆነ አብረውት የሚመጡት ኦሲሎስኮፕ እና ስፔክትረም አናላይዘር በብራውዘር ይከፈታሉ። ፓሪስ በሚገኘው በካስትለር ብሮሴል ላቦራቶሪ የተሠራው ፓይአርፒኤል የሚባል ሶፍትዌርም ሎክ ኢንና ፒአይዲ (አንድን መጠን በተፈለገው ላይ የሚያጸና መቆጣጠሪያ) አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የሌዘር ሙከራ ላለው ላብ ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ ይገዛል።

ከመለካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የመግቢያው ጃምፐር (የቮልቴጁን መጠን የሚመርጠው ትንሽ መሰኪያ) ±20 ቮልት ላይ ከሆነ እርከኑ 2.4 ሚሊቮልት ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ላይ ያለው ምርጫም ከጃምፐሩ ጋር መግጠም አለበት። ሁለተኛ፣ መግቢያው 1 ሜጋኦም ስለሆነ ለፈጣን ፐልስ 50 ኦም ተርሚኔተር (በኬብሉ ጫፍ የሚሰካ ሬዚስተር) ጨምሩ። ያለዚያ ፐልሱ በኬብሉ ላይ እየተመላለሰ መንታ ይመስላል።

ለሦስቱም የሚሠራ ወጪ አለ፤ ከኤዲሲው በፊት የሚቀመጠው አምፕሊፋየርና ፊልተር። በጀቱ ከጠበበ ከቦርዱ ቀንሼ እዚህ ላይ አውላለሁ። 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ዝም ብሎ ተቀምጦ በ10 ኪሎኸርዝ ስፋት 13 ማይክሮቮልት ያህል ኖይዝ ያመነጫል። ይህን የትኛውም የቢት ብዛት አያጠፋውም። ናሙና ከተወሰደበት ፍጥነት ግማሽ በላይ ያለ ሲግናልም አንዴ ከገባ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል፤ በሶፍትዌር መለየት አይቻልም።

ቦርዱን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ፒኮውንና ኑክሊዮውን ሁለት ሁለት አስመጡ። የአናሎግ መግቢያቸው ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ሰው ብዙ ጊዜ ያቃጥለዋል።