ኤድዊን ጃገር ዲኢ89 ወይስ ሜርኩር 34ሲ? የጺም መላጫ ከመግዛታችሁ በፊት

«በባለ አንድ ምላጩ መላጨት ልጀምር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ጓደኞች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። አብዛኞቹ የሚጠይቁትም ርካሹን ገዝተው ፊታቸው ከተቆራረጠ በኋላ ነው። መልሱን ላስቀድመው፦ ኤድዊን ጃገር ዲኢ89ን ግዙ። ሜርኩር 34ሲም ጥሩ ዕቃ ነው፤ መፍታትና መግጠም የሚሰለቸው ሰው እሱን ቢይዝ አልከራከርም። በአሥር ዶላር የሚሸጠውን ቅጂ ግን ለማንም አልመክርም።

አሜሪካ ውስጥ ዲኢ89 እንደ እጀታው ዓይነት ከ35 እስከ 45 ዶላር፣ 34ሲ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ለጺም መላጫ ይህን ያህል? ሒሳቡ ያለው ምላጩ ላይ ነው። መቶ ምላጭ የያዘ ካርቶን ከ10 እስከ 15 ዶላር ይገኛል፤ አንዱ ምላጭ 12 ሳንቲም ገደማ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚላጭ ሰው በዓመት 156 ጊዜ ይላጫል። አንዱን ምላጭ ለአራት ጊዜ ቢጠቀምበት 39 ምላጭ ይበቃዋል፤ ይህ አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም። ይኸው ሰው ባለ ሦስት ምላጩን ተቀያሪ ራስ ቢጠቀም፣ አንዱን ራስ በ2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ገዝቶ ስምንት ጊዜ ቢላጭበት፣ በዓመት 20 ራስ ያስፈልገዋል፤ 55 ዶላር መሆኑ ነው። ስለዚህ የ45 ዶላሩ መላጫ በአንድ ዓመት ውስጥ ወጪውን ይመልሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የምታወጡት የምላጭ ብቻ ነው።

ለእኛ ጺም ደግሞ ከዋጋም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ጥቅልል ጺም ከቆዳ በታች ሲቆረጥ፣ መልሶ ሲያድግ ጫፉ ታጥፎ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል። ብዙ ሰው አንገቱ ላይ የሚወጣበት ብጉር መሳይ እብጠት መነሻው ይህ ነው። በባለ ብዙ ምላጩ ራስ ላይ የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ስቦ ያነሳዋል፤ ተከታዩ ያንን የተነሳውን ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጫፍ ከቆዳው በታች ይገባል። ብቸኛ ምላጭ ግን ከቆዳው እኩል ቆርጦ ያልፋል። አንገትን ከጸጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ የሚላጭና ቆዳውን እየወጠረ የሚልግ ሰው ግን በዚህም ቢሆን ከእብጠቱ አያመልጥም።

ወደ ሁለቱ ስንመጣ፣ ዲኢ89 የእንግሊዟ ሼፊልድ፣ 34ሲ የጀርመኗ ዞሊንገን ሥራ ነው። ክብደታቸው ከ75 ግራም ብዙም አይርቅም፤ አቆራረጣቸውም ለጀማሪ የሚመች ለስላሳ ነው። በዚህ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ ይከብዳል። የሁለቱም ራስ ዛማክ ከሚባል የዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራና ክሮም የተቀባ ነው። የሚለያዩት በአገጣጠማቸው ነው። ዲኢ89 ሦስት ቁራጭ ነው፤ ክዳን፣ ከምላጩ ሥር የሚገባው ሳህን እና እጀታ። በ34ሲ ሳህኑና እጀታው አንድ አካል ናቸው፤ የሚነሳው ክዳኑ ብቻ ሲሆን የሚጠብቀውም ከእጀታው ግርጌ ባለው ማዞሪያ ነው።

እኔን ወደ ዲኢ89 የሚያደላኝ ጥገናው ነው። የዛማክ ጠላቱ ሁለት ነው፤ መውደቅና ከልክ በላይ መጥበቅ። በዲኢ89 ከክዳኑ መሐል የሚወጣው ብሎን ከክዳኑ ጋር አብሮ የፈሰሰ ዛማክ ነው። ሴራሚክ ላይ ከወደቀ ከሥሩ ቀንጠስ ይላል፤ በየጊዜው ከልክ በላይ የሚያጠብቀው እጅ ከገጠመው ደግሞ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ በኋላ ሙጫም ሆነ ብየዳ አያድነውም። ነገር ግን ብሎኑ የተለመደው የ5 ሚሊሜትር መጠን ስለሆነ እጀታውን ሳትጥሉ ራሱን ብቻ ገዝታችሁ ትቀጥላላችሁ። የጀርመኑ ሙሌ አር89 ራስም ንድፉ ያው ስለሆነ ይገጥማል። እጀታው ካስጠላችሁም ረጅሙን ወይም ከባዱን ለውጡበት። በ34ሲ ግን ሳህኑ ከእጀታው ስለማይለይ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

የ34ሲን ጥንካሬ መካድ አይቻልም። እጀታው ሸካራ ስለሆነ ሳሙና የነካው እጅ ላይ አይንሸራተትም፤ አጭር በመሆኑም ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ ጥግ በቀላሉ ይደርሳል። የዲኢ89 ልሙጡ እጀታ ግን አረፋ ሲነካው እንደ ዓሣ ያመልጣል። ስለዚህ ስትገዙ ላዩ የተፈለፈለውን እጀታ ምረጡ፤ የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነው። ፎቶው ብቻ ቆንጆ ስለሆነ ልሙጡን አትዘዙ።

አሁን ስለ ቅጂዎቹ። ከ5 እስከ 15 ዶላር የሚሸጡት፣ በተለይ ቁጥር እያዞሩ የምላጩን ክፍተት የሚያስተካክሉበትን የሜርኩር ፊውቸርን መልክ የያዙትና እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በሁለት በር የሚከፈቱት፣ ብዙ ሰው የሚሸወድባቸው ናቸው። ማግኔት ማስጠጋት መለያ አይሆንም፤ ናስም ዛማክም ማግኔት አይስባቸውም። መታየት ያለበት ምላጩ ከገባ በኋላ ያለው ክፍተት ነው። መላጫውን ወደ መስኮት ብርሃን አቅንታችሁ ከጫፍ በኩል ተመልከቱ፤ በቀኝም በግራም ከክዳኑ ወጣ ያለው የምላጭ ጠርዝ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ሰፊው ይቆርጣችኋል፤ ጠባቡ ጺሙን እያለፈ ይተወዋል። በደህና መላጫ ላይ ይህ ካጋጠመ ፈታ አድርጎ ክዳኑንና ሳህኑን በጣት ጫን እያሉ እንደገና ማጥበቅ ያስተካክለዋል። በቅጂ ላይ ግን ምላጩን የሚይዙት ጉጦች ከመጀመሪያው ተጣመው ስለፈሰሱ ምንም ብታደርጉ አይመለስም። ከክዳኑ ሥር ያልተሞረደ የቅርጽ ስፌት መስመር በጥፍር ሲነካ ከተሰማችሁም ምልክት ነው። ቁጥር እያዞሩ የሚያስተካክሉት ቅጂ ደግሞ እየተላጩበት ማዞሪያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ በ2 የጀመራችሁት መላጨት በ4 ያልቃል። እውነተኛው ፊውቸር ከ70 ዶላር በላይ ነው፤ በ12 ዶላር አይገኝም።

የቢራቢሮው ዓይነት ሌላ ጣጣ አለው። ውስጡ ያለው መዘውር በሳሙና ቅሪትና ውሃ በሚተወው ነጭ ደለል (ካልክ) ይደፈናል፤ ስለማይፈታ አይጸዳም፤ በሮቹ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥሙ ምላጩ ይወዛወዛል። ቢራቢሮ ካልሆነ የሚል ሰው ከቅጂው ይልቅ ያገለገለ የጂሌት ሱፐር ስፒድ ይፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የተሠራ የናስ ዕቃ ነው፤ አሜሪካ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ብዙ ጊዜ ከ40 ዶላር በታች ይገኛል። ሲገዙ በሮቹን ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋት፣ ሁለቱ እኩል መውረዳቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከከበደ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ዘፍዝፎ፣ ከደረቀ በኋላ መዘውሩ ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ማድረግ ይበቃል።

ዲኢ89ን ለመግጠም ክዳኑን ገልብጣችሁ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ምላጩን በአጫጭር ጎኖቹ ይዛችሁ ጉጦቹ ላይ አሳርፉት፤ ሳህኑን ደርቡበት፤ አጫጭር ጎኖቹን እንደያዛችሁ እጀታውን አዙሩ። ቆም ሲል አቁሙ፤ ተጨማሪ ሩብ ዙር ጥርሱን ይበላል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። ስትፈቱም ከመታጠቢያው ሳህን በላይ ሳይሆን ፎጣ ዘርግታችሁ ይሁን። ሲላጩ በመላጫው ክብደት ብቻ፣ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ፣ መጀመሪያ በጸጉሩ አቅጣጫ፣ እንደገና አረፋ ቀብቶ ወደ ጎን። እንደ ባለ ብዙ ምላጩ ከተጫኑት ይቆርጣል።

ከተላጩ በኋላ በውሃ አራግፎ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ማሸት በቂ ነው። ካልክ ከያዘ ኮምጣጤ ይለቀዋል፤ ግን ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ክሮሙ ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ካለ አሲዱ ሥሩ ያለውን ዚንክ ይበላና ቅቡ ያብጣል፤ ከዚያ ይላጣል። በረኪና ፈጽሞ አይነካው።

ምላጭን በሚመለከት፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንኛውም ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ለሁለቱም መላጫዎች ይሆናል። የጃፓኑ ፌዘር ስለታም ስለሆነ ለመጀመሪያ ወር አይመከርም። የቱርኩ ደርቢ ለስላሳ ነው፤ ወፍራም ጺም ላይ ግን ይጎትታል። አስትራ አረንጓዴው ጥሩ መነሻ ነው። መቶውን ከመግዛታችሁ በፊት የአምስት አምስት ፍሬ ፓኬት ሞክሩ። ወደ አገር ቤት ለወንድም ወይም ለአባት የምትልኩ ደግሞ፣ በአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ምላጭ የሌለበት መላጫ በእጅ ሻንጣ ያልፋል፤ ምላጮቹ ግን ይያዛሉ። ከመነሳታችሁ በፊት በመላጫው ውስጥ የተረሳ ምላጭ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ፓኬቶቹን በሚጫነው ሻንጣ ክተቱ።