የጦርነት ዘመን እግር ኳስ በጋዜጣ ገጽ፦ የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጦች ዲጂታል ማኅደር ግምገማ

የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ያቋቋመው የቆዩ ጋዜጦች ዲጂታል ማኅደር ማንኛውም ሰው ባለበት አገር ሆኖ ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት አገልግሎት ነው። ስለ ማኅደሩ ብዙ ቢባልም፣ እዚህ የምገመግመው ለአንድ ጉዳይ የሚሰጠውን ጥቅም ብቻ ነው፤ ይኸውም በብሪታንያ ሞግዚት አስተዳደር ሥር በነበረችው ፍልስጥኤም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በተለይም በ1941/42 የውድድር ዘመን፣ የተካሄደውን እግር ኳስ መከታተል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የዚያን ዘመን ውድድር አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአሸናፊዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በ1939/40 ሃፖኤል ቴል አቪቭ፣ በ1941/42 መካቢ ቴል አቪቭ፣ በ1943/44 እንደገና ሃፖኤል ቴል አቪቭ የሊጉ ባለ ድል እንደነበሩ ይነግረናል፤ በመካከላቸው ስላሉት ክፍት ዓመታት ግን አንድም ቃል አይነግረንም። በ1942 የዋንጫ ፍጻሜ ቤታር ቴል አቪቭ መካቢ ሃይፋን 12 ለ 1 ማሸነፉም እንዲሁ ደረቅ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን አሥራ ሁለት ግብ የሚቆጠርበት ለምንድን ነው? የትኛው ተጫዋች በሜዳ ነበር፣ የትኛውስ የወታደር ልብስ ለብሶ ሄዶ ነበር? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ሰው በሰንጠረዥ ዘንድ መልስ አያገኝም፤ መሄድ ያለበት ወደ ዕለታዊው ጋዜጣ ነው። የዚህን ማኅደር ዋጋ ከፍ የሚያደርገውም የዕለቱን ጋዜጣ እንደታተመ፣ ከነሙሉ ገጹ፣ ማቅረቡ ነው።

ሙሉ ገጹ የሚያስፈልገው የስፖርቱ ዜና ብቻውን ስለማይነበብ ነው። የፍልስጥኤም እግር ኳስ ማኅበር በ1928 ተመሥርቶ በ1929 የፊፋ አባል ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑም ሚያዝያ 1940 በቴል አቪቭ ሊባኖስን 5 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ጨዋታ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 9 ቀን 1940 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቴል አቪቭን ደብድበው 137 ሰዎችን ገደሉ። ኢትዮጵያን በመርዝ ጋዝና በቦምብ ያቃጠለው ያው የፋሽስት አየር ኃይል መሆኑን ለሚያስታውስ አማርኛ አንባቢ ይህ የሩቅ ዜና አይሆንም። በጦርነቱ ዘመን ወደ 30,000 የሚጠጉ የፍልስጥኤም አይሁድ በፈቃዳቸው በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ አገልግለዋል። ከፍልስጥኤም አይሁድና ዐረቦች የተውጣጣው 51ኛው የኮማንዶ ክፍልም በ1941 በከረንና በአምባ አላጌ ተዋግቷል። ክለቦቹ ይመኩባቸው የነበሩት ወጣቶች እነዚህ ሠራዊቱ የጠራቸው ወጣቶች ስለነበሩ፣ በ1941/42 የተመዘገበን ማንኛውንም ውጤት ከዚህ ነጥሎ መመዘን አይቻልም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልግባ። ማኅደሩ ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ በቁልፍ ቃል መፈለግ፣ ወይም ጋዜጣና ቀን መርጦ እትሙን መክፈት። ለዚህ ጉዳይ እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ሁለተኛውን ነው። የአይሁድ ክለቦች ጨዋታ በአብዛኛው ቅዳሜ ስለሚካሄድና ጋዜጦቹ ቅዳሜ ስለማይታተሙ፣ የእሑዱን እትም የከፈተ ሰው ትክክለኛው ቦታ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ቁልፍ ቃሉ ግን ያደክማል። ከሰማንያ ዓመት በፊት በደቃቅ ፊደል የታተመን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ማሽን ሲያነብ ተመሳሳይ ፊደላትን ማምታታቱ አይቀርም፤ የተጫዋች ስም ደግሞ በአንዲት ፊደል ስሕተት ከፍለጋው ውጤት ይጠፋል። በሌላ በኩል «መካቢ» ብሎ የፈለገ ሰው የጂምናስቲክ፣ የቦክስና የዋና ዜና ሁሉ ይጎርፍበታል፤ መካቢ የብዙ ስፖርቶች ንቅናቄ ነውና። ስለዚህ ፍለጋው የከተማ ስምና ጠበብ ያለ የቀን ገደብ ሲጨመርበት ብቻ ነው የሚረዳው።

ማኅደሩን ከሌሎች ሁሉ የማስበልጥበት ዋናው ምክንያት ግን አንድን የውድድር ዘመን በብዙ ጋዜጦች ጎን ለጎን ማንበብ ማስቻሉ ነው። በዚያን ጊዜ በፍልስጥኤም ክለብ መደገፍ ወገን መምረጥ ነበር። ሃፖኤል የሠራተኞች ማኅበሩ የሂስታድሩት ክንፍ ነበር፤ ቤታር ከሪቪዥኒስቶቹ፣ ማለትም የአይሁድ አገር እንዲመሠረት ከሚታገሉት ጽዮናውያን ቀኝ ክንፍ፣ ጎራ የወጣ ነበር፤ መካቢ ደግሞ ከመካከለኛው የከተማ መደብ ጋር ይቀራረብ ነበር። ጋዜጦቹም በዚያው ልክ የተከፋፈሉ ነበሩ፦ ከ1925 ጀምሮ የታተመው ዳቫር የሂስታድሩት ልሳን፣ ሃማሽኪፍ የሪቪዥኒስቶቹ፣ ሃቦከር የመካከለኛው ወገን የጠቅላላ ጽዮናውያን፣ ሃጾፌ ደግሞ ሰንበት እንዲከበር አጥብቀው የሚሹት የሃይማኖተኞቹ ጽዮናውያን ነበረ። በ1932 የተመሠረተው የእንግሊዝኛው ፓለስታይን ፖስት ብሪታንያውያን ሹማምንትና ወታደሮች የሚያነቡት ነበር። ስለዚህ የቤታርን የ1942 ዋንጫ በሃማሽኪፍ ብቻ፣ ወይም የሃፖኤልን ዘመን በዳቫር ብቻ ያነበበ ሰው የደጋፊን ቃል ሰማ እንጂ የጨዋታውን ታሪክ አላገኘም። የየወገኑን እትሞች ጎን ለጎን የከፈተ ሰው ግን ማን የትኛውን ዜና እንዳሰፋ፣ ማን በአንድ መስመር እንዳለፈው፣ ማን ፈጽሞ እንዳልጻፈው በዓይኑ ያያል። እኔ እንደማምነው የዚያን ዘመን እግር ኳስ የሚያጠና ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚህ ንጽጽር ነው፤ ይህንንም ቀደም ሲል የወረቀት እትሞችን በየቤተ መጻሕፍቱ ሳያሳድዱ ማድረግ አይቻልም ነበር።

በንባቡ ጊዜ ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛው፣ ጋዜጦቹ በብሪታንያ ሳንሱር ሥር የሚታተሙ ስለነበሩ ሠራዊትን የሚመለከት ነገር ሁሉ እንደ ልብ አይጻፍም። ሁለተኛው፣ በወረቀት እጥረት ምክንያት የገጾቹ ቁጥር ስለተቀነሰ ለስፖርት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። የጀርመኑ ጄኔራል ሮመል በጁላይ 1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን በደረሰበትና የፍልስጥኤም ሕዝብ የወረራ ሥጋት ባንዣበበበት ወቅት የእግር ኳስ ዜና አጥሮ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

የወታደር ቡድኖችን ጉዳይ ለሚከታተል ሰው ፓለስታይን ፖስት ከሁሉ ይሻላል። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ1931/32 የወሰደው የብሪታንያ ፖሊስ ቡድን ነበር፤ በ1943 የዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ የብሪታንያ መድፈኞች ቡድን ሃፖኤል ኢየሩሳሌምን 7 ለ 1 አሸነፈ። በጦርነቱ መካከል የአገሪቱ ዋንጫ በገዢው ኃይል ወታደሮች እጅ መግባቱ ለተራው ደጋፊ ምን ስሜት እንደሰጠው ለማወቅ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር የዕብራይስጡን እትም ማስተያየት ግድ ይላል።

የዐረቦች እግር ኳስ በእነዚህ የዕብራይስጥና የእንግሊዝኛ ገጾች ላይ በተገቢው መጠን አይገኝም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን መፍትሔው በዚያው ተቋም ውስጥ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ «ጀራኢድ» በሚል ስም ባዘጋጀው የዐረብኛ ጋዜጦች ማኅደር ውስጥ በ1911 በያፋ የተመሠረተው «ፊለስጢን» ይገኛል። የዐረቦቹ የስፖርት ፌዴሬሽን ዐረቦች በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ካነሡት የ1936ቱ ዐመፅ በኋላ ተዳክሞ በ1944 እንደገና ሲቋቋም ከጦርነቱ ዘመን የመጨረሻ ዓመት ጋር ይገጥማል፤ ዐረብኛ የሚያነብ ተመራማሪ ሁለቱን ማኅደሮች አብሮ ካልከፈተ የአገሪቱን እግር ኳስ እኩሌታ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱ ማኅደሮች በአንድ ፍለጋ በቀላሉ የሚታዩበት አሠራር ቢጠናከር እጅግ በወደድሁ።

በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። እነ መካቢና ሃፖኤል ቴል አቪቭ ዛሬም በየሳምንቱ የምናያቸው ክለቦች ናቸው፤ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደውና የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ኤሊ ዳሳም የመካቢ ቴል አቪቭን መለያ ለብሷል። ልጆቻችን የሚደግፏቸው ክለቦች ያለፉበትን ዘመን ማንበብ መብታቸውም ነው፣ ደስታቸውም ይሆናል። ማኅደሩ የአማርኛ ገጽ የለውም፤ ትንሽ የአጠቃቀም መመሪያ እንኳ በአማርኛ ቢዘጋጅ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሊገለገሉበት ይችሉ ነበር።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው መንገድ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ፓለስታይን ፖስትን ከፍቶ ከ1941 መጸው ጀምሮ ያሉትን የእሑድ እትሞች በተራ ማየት፤ የጨዋታዎቹን ቀንና የቡድኖቹን ስም በማስታወሻ መያዝ፤ ከዚያም በእነዚያው ቀናት የታተሙትን ዳቫርን፣ ሃቦከርንና ሃማሽኪፍን መክፈት። በጣም የደበዘዘ ገጽ ሲያጋጥም ማሽኑ ያነበበውን ጽሑፍ ትቶ ምስሉን በማጉላት በራስ ዓይን ማንበብ ይሻላል።