ባለ ቤሎውስ የክሎሪን ቫልቭ፣ ከጅማ ሱቅ

ለሻጩ አምስት ኮከብ፣ ለቫልቩ አራት። (ቤሎውስ ማለት የቫልቩን ዘንግ የሚከብ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የብረት ቱቦ ነው።) የጎደለችው አንዷ በዋጋውና በመለዋወጫው ሰበብ ነው።

ሥራዬ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎችን የክሎሪን ክፍል መጠገን ነው። ጅማ አካባቢ ላለ አንድ ጣቢያ ከሲሊንደሮቹ ወደ ክሎሪኔተሩ (ክሎሪኑን ለክቶ ውሃው ውስጥ ወደሚጨምረው መሣሪያ) የሚሄደውን መስመር ስንቀይር ዘጊ ቫልቮች አስፈለጉን። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ልጁ ገና «ክሎሪን» ስል የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ቦል ቫልቭ (ውስጡ ባለች ቀዳዳ ኳስ መዞር የሚከፈትና የሚዘጋ) አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «ወንድሜ፣ ይኼ አይዝግም፤ ዕድሜ ልክህን ነው!» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር ሰው ክሎሪን ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሁለተኛው ሂርማታ መርካቶ ገባ ብሎ ያለ የቧንቧና የፓምፕ ዕቃ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሰው ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የምፈልገውን ስነግራቸው ወደ መደርደሪያው ዞር እንኳ አላሉም።

«ልጄ፣ የሚያልፍበት ጋዙ ነው ወይስ ፈሳሹ?»

«ጋዙ ነው፣ ሐጂ።»

«ቱቦው ውጭ ያድራል?»

ይህን ሲሉኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ጥያቄው ለምን እንደገረመኝ ላስረዳ። ክሎሪን በተራ የአየር ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከኤሌክትሮሊሲስ ሴል (የጨው ውሃን በኤሌክትሪክ ከሚለያየው ዕቃ) የወጣው ጋዝ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ይደርቃል፣ ከዚያ ተጨምቆና እንደገና ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሩቅ አገር ተሠርቶ አልቆ ነው እኛ ጋ በሲሊንደር የሚደርሰው። ግን ግፊት ካገኘ ብዙ ብርድ አይፈልግም፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ወደ 6.8 ባር፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 5 ባር ይበቃዋል። ሲሊንደሩ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቱቦው የጅማን ሌሊት ውጭ ካሳለፈ፣ ጋዙ ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። «የጋዝ መስመር ነው» ተብሎ የተገዛው ቫልቭ ጠዋት ፈሳሽ ይዞ ይገኛል ማለት ነው። ሐጂ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ግፊት መቀነሻውን በተቻለ መጠን ወደ ሲሊንደሩ እንድናስጠጋውም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኛም እንደዚያው አደረግን።

ፈሳሹ ሲሞቅ በኃይል ይሰፋል። በሁለት ዝግ ቫልቮች መሃል ሞልቶ ተይዞ ፀሐይ ካገኘው ቱቦ ይቀድዳል። የወጣው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ይዘቱ ከ450 እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ጋዙ ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ተራ ቦል ቫልቭ ይህን አደጋ በራሱ ሆድ ይዞታል፤ ሲዘጋ ኳሷ ውስጥና ዙሪያዋ የቀረው ፈሳሽ መውጫ የለውም። ለክሎሪን የሚሠራው ግን ኳሷ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኖረዋል። ቫልቩ ሲዘጋ ቀዳዳዋ ግፊቱ ወደሚመጣበት በኩል ትዞራለች፤ አካሉ ላይ ቀስት የሚታተመውም ለዚሁ ነው፣ ተገልብጦ አይታሰርም። ሐጂ ያንኑ ስቴንለስ ዓይነት ከራሳቸው መደርደሪያ አውርደው ኳሷን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና «ይኸው ቀዳዳ የለውም፤ ይኼ የውሃ ነው» ብለው መለሱት። ሊሸጡልኝ ይችሉ የነበረ ዕቃ ነው።

ስለ ብረቱም ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደረቅ ክሎሪን ተራውን ካርቦን ስቲል አይነካውም። እርጥበት ከገባበት ግን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሠራል፣ ያን ጊዜ ካርቦን ስቲሉም ስቴንለሱም ይበላሉ፤ ስቴንለሱ እንዲያውም ተሰርጉዶና ተሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ታይታኒየም ደግሞ እርጥቡን ክሎሪን ችሎ ደረቁን ሲያገኝ የሚቀጣጠል ብረት ነው፤ «ውድ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ የገዛ ሰው እሳት ገዛ። ካርቦን ስቲልም ቢሆን ወደ 250 ዲግሪ ከሞቀ ክሎሪን ውስጥ ይነዳል። ባዶ መሆኑ ባልተረጋገጠ መስመር ላይ ብየዳ ይዞ የሚመጣን ሰው ከግቢው አስወጡት።

ሐጂ ከአዲስ አበባ ያስመጡልን ባለ ቤሎውስ ግሎብ ቫልቭ (ዘንጉ ወርዶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ የሚዘጋ) ነው። አካሉ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ካርቦን ስቲል፣ የግፊት ደረጃው ክላስ 300፤ ቤሎውሱ ሃስቴሎይ የሚባል ዝገት የሚቋቋም የኒኬል ቅይጥ፣ ፓኪንጉ (ዘንጉ ዙሪያ ተጠቅጥቆ ጋዙን የሚያግደው) ቴፍሎን። አብሮት የመጣው ወረቀት የአሜሪካው ክሎሪን ኢንስቲትዩት ስለ ደረቅ ክሎሪን ቧንቧ ያወጣውን ፓምፍሌት 6 ይጠቅሳል። የቤሎውሱ ጥቅም ግልጽ ነው፦ ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ጋዙን የሚያግደው ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚታጠፍ ብረት ነው። ፓኪንጉ ቤሎውሱ የተቀደደ ቀን የሚጠብቅ ሁለተኛ በር ነው። ተራ ቫልቭ ግን ያለው ፓኪንጉ ብቻ ነው፤ ሲደክም ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል።

ማሸጊያው ደስ ብሎኛል። ዘይትና ግራሶ ከክሎሪን ጋር ሲገናኙ በኃይል ስለሚነዱ ቫልቩ ከቅባት ጸድቶ፣ ሁለቱም አፉ ተደፍኖ፣ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የመጣው። የአፉን ክዳን ቫልቩን መስመሩ ላይ እስክናስርበት ደቂቃ ድረስ አልነቀልነውም፤ ዝናብ በማያጣት ጅማ ይህ ቀልድ አይደለም። ረዳቴ ቡሎን ባየ ቁጥር እጁ ወደ ግራሶ ቆርቆሮው ስለሚሮጥ ቆርቆሮውን ቀድሜ መኪና ውስጥ ቆለፍኩበት። መስመሩን በደረቅ ናይትሮጅን ነፍተን አደረቅን፣ ሲሊንደሩ ላይ የሚገባውን የእርሳስ ጓርኒሲዮን በአዲስ ቀየርን። እሱ አንዴ ከተጨመቀ አይደገምም፤ ቆጥበው የሚመልሱትን ሰዎች አይቻለሁ። ከዚያ ትንሽ ክሎሪን ለቀን የአሞኒያ ውሃ ጠርሙስ አፉን ከፍተን በየመገጣጠሚያው አስጠጋን። የሚያፈስ ካለ ነጭ ጭስ ይታያል፤ አልታየም። መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም በየፈረቃው እንዲህ ይፈተሻል፣ እስካሁን ንጹሕ ነው።

የማልወድለት መዘውሩ ትንሽ መሆኑን ነው። በጓንት ሲይዙት ጥብቅ ያለ ስለማይመስል ሰው ቁልፍ ጨምሮበት ያጠብቀዋል፤ መቀመጫው የሚጎዳው እንዲህ ነው። ለኦፕሬተሮቹ በእጅ ብቻ እንዲዘጉት በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ጽፈንላቸዋል።

ዋጋው ከስቴንለሱ ብዙ እጥፍ ነው። ሐጂ ግማሹን ቀድመው ይቀበላሉ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ዕቃው ሲመጣ ራሳቸው ይደውላሉ። ችግሩ መለዋወጫው ነው፤ ፓኪንግና የቦኔት (የቫልቩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ለብቻው ሲታዘዝ አስመጪው «ትንሽ ነው» ብሎ ከሌላ ጭነት ጋር እስኪደርስ ያቆየዋል። እኛ እስካሁን እየጠበቅን ነው። ስለዚህ ከቫልቩ ጋር በአንድ ፕሮፎርማ አስገቡት፣ ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ሙሉ ስብስብ።