አሮጌ ናፍጣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የምታሳዩአቸው መካኒክ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ፓትሮልና ሃይሉክስ የምንነዳ ሰዎች ተሰባስበን ይህን የምንጽፈው መኪኖቻችንን ለሚያዩልን የናፍጣ መካኒክ «እጅዎ ይባረክ» ለማለት ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም፤ ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለማንም ስለማይጠቅም የሚሠሩትን እንዘርዝረው። እሳቸው ጋ መድረስ የማትችሉም የራሳችሁን መካኒክ በዚሁ ትመዝኑታላችሁ። ጠባያቸው ባጭሩ፦ ሳይለኩ አይፈቱም።

ሊገዛ የታሰበ መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ እጃቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ለብ ካለ ምርመራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ሻጭ ቀድሞ ያሞቀው የናፍጣ ሞተር የደከመ ካንዴሌታንም (በብርድ ለማስነሳት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው)፣ የወረደ ኮምፕሬሽንንም (ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ግፊት)፣ ነዳጅ መስመር ውስጥ የሚገባ አየርንም ይደብቃል። ቀዝቃዛ ከሆነ ሳይነሳ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል፤ የሚፈለገው ዝገትና ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ነው። ከተነሳ በኋላ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አረፋው አላባራ ካለ የቃጠሎ ጋዝ በጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ወይም በተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሃይሉክሱ 2ኤልቲ እና የፕራዶው 1ኬዜድ የሚባሉት ሞተሮች ቴስታታቸው በመሰንጠቅ የታወቀ ስለሆነ እነሱ ላይ ረዘም ብለው ይቆያሉ። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ደግሞ ያለ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የተሠራ ሞተር ነው። ኋላ ተርቦ የተጨመረበት ከሆነ በቅድመ ቃጠሎ ጓዳዎቹ (ነዳጁ መጀመሪያ የሚቀጣጠልባቸው ትናንሽ ክፍሎች) አካባቢ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ቴስታታው ሳይመረመር አስተያየት አይሰጡም።

ነጭ ጭስ በብርድ ታይቶ ወዲያው ከጠፋ አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ሽታው ይለየዋል፦ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ከሆነ ኩላንት (የራዲያተሩ ውሃ) ነው። ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ካለው ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ስለሆነ ጥፋቱ ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ የናፍጣ ፖምፓው ታይሚንግ (ነዳጅ የሚልክበት ጊዜ) ወይም ኮምፕሬሽን ላይ ይፈለጋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከአየር ፊልትሮ፣ ካለቀ ኖዝል (የኢንጄክተሩ ጫፍ) ወይም ከልኩ በላይ ነዳጅ እንዲሰጥ ከተነካካ ፖምፓ ይመጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ቀዳዳው ላይ ገልብጠው ያስቀምጡታል። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ግፊቱ ክዳኑን ካስፈነጠረው ፋሻ (ፒስቶኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች) እና ሲሊንደር ሄደዋል። ዘይቱ መጥቆሩን ግን አትፍሩ፣ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል።

ምስጋናችንን በዋናነት ያተረፉት ኮምፕሬሽን ላይ ነው። ባትሪው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ካንዴሌታዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ሽቦ ይነቀላል፤ የሚገጠመው ጌጅ እስከ 70 ባር የሚያነብ ነው፤ የቤንዚን ጌጅ እዚህ ይሰበራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ሰከንድ እየተዞረ ይለካል። 1ኤችዜድ ላይ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ የሚያዩት በሲሊንደሮቹ መሀል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ5 ባር ማለፍ የለበትም።

አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ሲገኝ ብዙ ጋራዥ «ሞተር ይውረድ» ይላል። እሳቸው የቫልቭ ክፍተት ይለካሉ። 1ኤችዜድ ሲቀዘቅዝ የመግቢያው ቫልቭ ከ0.15 እስከ 0.25፣ የመውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው። ቫልቩና መቀመጫው እየተበሉ ሲሄዱ ቫልቩ ወደ ላይ ይገባና ክፍተቱ ይጠባል፤ መጨረሻ ላይ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቆማል። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል፣ ነጭ ጭስ ይመጣል፤ ሲቆይ ቫልቩ ይቃጠላል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ድምፅ ስለሌለው ባለቤቱ «ሞተሬ ጸጥ ብሏል» እያለ ይደሰታል። በጊዜ ከተደረሰበት መፍትሔው ቀጠን ያለ ሺም (ክፍተቱን የሚያስተካክል ስስ ብረት) ማስገባት ነው።

ክፍተቱ ልኩ ላይ ከሆነ ወደ ሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። እንደ ቤንዚን ሞተር ዘይት መገልበጥ ግን ክልክል ነው፤ የናፍጣ ሞተር መጭመቂያ ጓዳ በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ብቻውን ቁጥሩን ያሳስታል፣ ከበዛ ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) ያጣምማል።

ታይሚንግ ቺንጊያ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ ድርድር አያውቁም። 1ኤችዜድ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ማስረጃ የሌለው ቺንጊያ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጊያ መብራት በእጅ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ማስረጃ አይሆንም። ሲቀይሩ የማጥበቂያውን ኩሽኔታና ስፕሪንግ አብረው ይቀይራሉ፤ የካምና የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ዘይት ካላበ እሱም ይቀየራል፣ ዘይት የነካው ቺንጊያ አይቆይማ። ከተበጠሰ ፒስቶኑና ቫልቮቹ ይጋጫሉ። የፓትሮሉ ቲዲ42 በጥርስ ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም። ተርቦ ያለው የላንድክሩዘር 1ኤችዲቲ ላይ ደግሞ የቢየላ ብሮንዚና (ቢየላው ክራንኩን የሚይዝበት ስስ ማንሸራተቻ) ቀድሞ የሚያልቅ ስለሆነ፣ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ ካርተሩ (ከስር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ይታያል።

አድሮ ጠዋት እንቢ የሚል፣ በእጅ ፖምፓ ሲገፋ ወዲያው የሚነሳ መኪና ካላችሁ ፖምፓ አታስፈቱ። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ለጊዜው ይገጥማሉ። አረፋ ከታየ አየር እየገባ ነው፤ ምክንያቱ የደረቀ ቱቦ፣ ያረጀ የፊልትሮ ራስ ወይም የመዳብ ሮንዴላ ይሆናል። ኢንጄክተር ከተፈታ ከስሩ ያለው ሮንዴላ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ኖዝሉም በመፈተሻ ላይ ተረጭቶ ሳይታይ አይመለስም፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ፒስቶን ያቃጥላል።

የፊት አክስል ድፍን በሆኑት ላንድክሩዘሮች ከፊት ጎማዎቹ በስተጀርባ ያለውን ክብ ቤት ያያሉ። ግሪሱ ቀጥኖ እንደ ሾርባ እየፈሰሰ ከሆነ የውስጡ ፓራኦሊዮ አልቆ የዲፍረንሻል ዘይት ወደ ግሪሱ ገብቷል። ሲታደስ የላይና የታች ኩሽኔታዎቹም አብረው ይታሰባሉ፤ መሪ የሚያራግፍ መኪና ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ሻንሲውን በመዶሻ እያንኳኩ የባሌስትራ መያዣዎቹንና የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን አካባቢ ለስንጥቅ ይፈትሻሉ። ፎር ዊሉን የሚሞክሩት አፈር ወይም ኮረት ላይ ነው፤ መሀል ዲፍረንሻል የሌለው መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ትራንስሚሲዮኑን ያስጨንቃል።

ከገዛችሁ በኋላ የሚሉት ብዙ አይደለም። ዘይትና ፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትር፤ ከነዳጅ ፊልትሮው ስር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፤ ከጥልቅ ውሃ ከወጣችሁ የዲፍረንሻልና የካምቢዮ ዘይት ማየት፣ ወተት ከመሰለ ወዲያው መቀየር። ሞተር ሞቀ ብላችሁ ቴርሞስታት አታስወጡ። በብዙዎቹ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጭ መስመሩን ስለሚዘጋ፣ ከወጣ ውሃው ራዲያተሩን እየሸሸ ይዞርና ሙቀቱ ይብሳል።

ጉድለታቸውንም እንናገር፦ ስልክ አያነሱም፣ ወረፋቸው ይረዝማል፣ ችኩል ደንበኛ ፊት ይቆጣሉ። ቀጠሮ የሚይዝ መኪናውን ከዋዜማው አምጥቶ ግቢያቸው ያሳድር፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲገኝ። ሞተሩን አሳጥባችሁ እንዳታመጡ፤ ዘይቱ የሚያልብበት ቦታ ስለሚጠፋባቸው ይመልሱአችኋል።