ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለችው የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤት

ጣና ዳር በነበረ ሰርግ ላይ የትራምፔቴ ሁለተኛው ቫልቭ (በጣት የሚጫነው ቁልፍ) እንደተጫነ ቀረ። ሙሽሮቹ እየገቡ ነው፣ እኔ ጣቴን አነሳለሁ፣ ፒስተኑ፣ ማለትም ቫልቩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለው ዘንግ፣ አልመለስ አለ። በማግስቱ ጓደኛዬ ግሽ ዓባይ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ጥገና ቤት ላከኝ። የነፋስ መሣሪያ ያላችሁ ሂዱ፣ አትቆጩም።

ባለሙያው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በጉልበት አልታገሉትም። የታችኛውን ክዳን ፈቱ፣ ከሥር በጣታቸው ገፋ አደረጉትና አወጡት፣ ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን አሳዩኝ፤ ጥቁር አተላ።

«ምን ዘይት ነው የምታደርግበት ልጄ?»

የስፌት መኪና ዘይት ነበር። አንድ ሱቅ «ያው ነው» ብሎ የሸጠልኝ። ያው አይደለም! ይወፍርና ከምራቅ ጋር ይለወሳል፤ በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ይበቃዋል።

ከሁሉ የወደድኩት ማስረዳታቸውን ነው። ስንት ዓመት ስነፋ ፒስተን ብርሃን ላይ ይዤ አይቼ አላውቅም። ቀዳዳዎች አሉት። ስንጫነው ቀዳዳዎቹ ከተጨማሪው ቱቦ ጋር ይገጥማሉ፣ አየሩ ዞሮ ይሄዳል፣ መንገዱ ስለረዘመም ድምፁ ይወርዳል። ሁለተኛው ቫልቭ ግማሽ ቶን (የድምፅ እርከን) ያወርዳል፣ አንደኛው አንድ ቶን፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል። ፔሪኔ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ያወጣው አሠራር ነው፣ እስከ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ ራሴን እንዳጥበው አደረጉኝ። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ላርጎ፤ የፈላ ውኃ ቀለሙን ይልጠዋል። ፌልቶቹ (ለስላሳ የጨርቅ ቀለበቶቹ) አይነከሩም። ብርጭቆ ወረቀት በጭራሽ! እያንዳንዱ ፒስተን ላይ ቁጥር አለ፣ ወደየራሱ ቤት ይመለስ፤ ከተቀያየረ አየር አያሳልፍም። የቫልቭ ዘይት ሦስት አራት ጠብታ፣ ከዚያ ፒስተኑን ቤቱ አስገብቶ ጠቅ እስኪል ቀስ አድርጎ ማዞር። ለስላሳ ጠጥታችሁም አፋችሁን ሳትጉመጠመጡ አትንፉ፣ ስኳሩ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል።

400 ብር ከፈልኩ። ፒስተኑ አሁን ጣቴን ሳነሳ አብሮ ይነሳል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ጠዋት አርፍደው ይከፍታሉ፣ እኔ በር ላይ አንድ ሰዓት ጠብቄያለሁ። የቫልቭ ዘይትም አይሸጡም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስይዙት።