ልጄ የዘራችውን ጤፍ ላተረፈልን የደብረ ማርቆስ ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ነዋሪነቴ በምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል ከተማ ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን በሚሠራባት ጠባብ ቤት ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ይዞ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ለልጄ ያደረገላትን ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ወላጆችና ወጣቶች ወደ እሱ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። የተበላሸብን የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ብዙ ሰው ጨዋታ ሲባል ገና ከስሙ ንቆ ያልፈዋል፤ ይህ ባለሙያ ግን የመሥሪያ ቤት ሰነድ ቢጠፋ በሚሠራበት ጥንቃቄ ሠርቶልናልና ምስጋናዬን በአደባባይ ላደርገው ወደድሁ።

ጨዋታው ስታርዲው ቫሊ ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ለዓመታት ደክሞ ሠርቶ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን ጦም ያደረ መሬት በ500 የጨዋታው ገንዘብና ካሮት በሚመስለው በፓርስኒፕ 15 ዘር ማልማት ይጀምራል፤ ወቅቶቹ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱም 28 ቀን አለው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለሆነችው ልጄ ይህን ጨዋታ በስጦታ የላከላት ውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 38 ሞዶች ሰብስባበታለች። ሞድ ማለት ከጨዋታው ባለቤት ሌላ የሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ሠርተው የሚያካፍሉት ተጨማሪ ሲሆን፣ እነዚህን ሁሉ ከጨዋታው ጋር አያይዞ የሚያስነሣው ስማፒ የተባለ ፕሮግራም ነው። ከሞዶቹ ትልቁ፣ ስታርዲው ቫሊ ኤክስፓንድድ የሚባለው፣ በጨዋታው ላይ አዳዲስ ቦታዎችንና ሰዎችን ይጨምራል።

ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ግን የልጄ የራሷ ሥራ ነው። በጨዋታው ውስጥ ስንዴ አለ፣ ጤፍ የለም። እሷም የስንዴውን ሥዕል በጤፍ ለመተካት ተነሣች። የአንድ ዕቃ ሥዕል ቁመቱ 16 ነጥብ፣ ወርዱም 16 ነጥብ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ሙከራዋ ተራ ሣር መሰለ። ስለዚህ ከአያቷ ማሳ ሊታጨድ ከደረሰ ጤፍ ጥቂት ዘለላ አምጥታ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጠችና፣ ዘለላው እንዴት ወደ አንድ ወገን እንደሚዘነብል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሳሳ እያየች አንድ በአንድ ነጥብ ቀየረች። የጨዋታው የፊደል ቅርጾች ግዕዝን ስለማያውቁ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፈችው። ይህን ሥራ ከአንድ ወር በላይ አጠገቧ ሆኜ ስላየሁት፣ ሲጠፋ የተሰማኝ ሐዘን የአባት ብቻ አልነበረም፤ የመምህርም ነበር።

ላፕቶፑ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ሳይገናኝ ቆይቶ ነበር። ለትምህርቷ የሚያስፈልጋትን ለማውረድ በስልኬ ዳታ ባገናኘነው ዕለት፣ ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ስቲም የተባለው ፕሮግራም ማንንም ሳይጠይቅ ከ1.5.6 ወደ 1.6 አሻሻለው። 1.6 በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣ ትልቅ ማሻሻያ ነው። በዚህ ማሻሻያ ቀድሞ ቁጥር ብቻ የነበረው የዕቃዎች መለያ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚቀበል ሆነ፤ የዕቃዎቹ ዝርዝር የተቀመጠበት ፋይልም ስሙም አጻጻፉም ተለወጠ። በዚህ ምክንያት በቀድሞው ሥርዓት የተጻፉ ብዙ ሞዶች ባንድ ጊዜ ሥራቸውን አቆሙ።

በመጀመሪያ ስማፒው አሮጌ ስለነበር ጨዋታው ከነጭራሹ አልከፈት አለ። ልጄ አዲሱን ስማፒ 4 አውርዳ ጫነች፤ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ጨዋታው ተከፈተ፤ ነገር ግን ከጨዋታው ጋር አብሮ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ የተዘለሉ ሞዶች ስም በቀይ ጽሑፍ ተደረደረ። ኤክስፓንድድም ከተዘለሉት አንዱ ነበር። እርሻዋን ስትከፍት ጨዋታው እንዳይቆም ሲባል የማይታወቁ ቦታዎች መወገዳቸውን የሚገልጽ መልእክት መጣ። መልእክቱን ሳታነብ አልፋ በጨዋታው ውስጥ ተኛች፤ በዚህ ጨዋታ ደግሞ መተኛት ማለት የዕለቱን ሥራ ማስቀመጥ ማለት ነው። ሲነጋ ሞዱ የጨመረው ቦታ፣ እዚያ ያስቀመጠቻቸው ሣጥኖች፣ በሣጥኖቹ ውስጥ ያከማቸችው ምርት ሁሉ የለም። ያን ማታ እራት አልበላችም።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ይዘን የገባንበት ቤት ባለሙያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነካክቶ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለን። እኔ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጄ እጄን ይዛ «አባዬ፣ ሁሉም ይጠፋል» ባትለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ወደምመሰግነው ወጣት የመራን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ገና ስንገባ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና ጥያቄውን ሁሉ ለልጄ አቀረበ። ማሻሻያው የገባው የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን ምን እንደሞከረች፣ በጨዋታው ውስጥ ተኝታ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠየቃት። እሷ እየፈራች ስትመልስ አንድም ጊዜ አልተቆጣትም፤ አላቋረጣትምም። በመጨረሻ «ከተበላሸ ወዲህ ስንት ቀን ከፈትሽው?» አላት። «አራት ቀን» አለችው። «እንግዲያው አይዞሽ፣ እርሻሽ አልጠፋም» አላትና ምክንያቱን ለሁለታችንም አስረዳን። ስማፒ ሲጫን አብሮት የሚመጣ አንድ ትንሽ ሞድ አለ፤ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር በቀን አንድ ጊዜ የእርሻውን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል፣ የመጨረሻዎቹን 10 ቅጂዎችም ይይዛል። አራት ቀን ብቻ ተከፍቶ ከሆነ ቢያንስ ስድስቱ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። እኛም ተስፋ ባለመቁረጥ እየከፈትን ብንሞክር ኖሮ በየቀኑ አንድ ጤነኛ ቅጂ እየተገፋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ እጃችንን እንቀር ነበር። የቅጂዎቹ ፎልደር የሚገኘው ጨዋታው ከተጫነበት ቦታ ውስጥ ስለሆነ ላፕቶፑ ፎርማት ቢደረግም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረገውን እያንዳንዱ ባለሙያ ቢያደርገው እመኛለሁ። የእርሻዋን ፋይሎች፣ የሞዶቹን ፎልደርና የመጠባበቂያ ቅጂዎቹን በራሱ ፍላሽ ገለበጠ። «ሳልገለብጥ አልነካም» አለን። የተበላሸውንም እርሻ እንኳ አልሰረዘውም፤ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ በጥቁሩ መስኮት ላይ የወረደውን ጽሑፍ ከተመዘገበበት ሎግ ፋይል ከፍቶ በቤቱ ፕሪንተር አተመው፤ ወረቀቱን ለልጄ ሰጥቶ በእስክሪብቶ አብረው ምልክት ማድረግ ጀመሩ። ከ38ቱ ሞዶች 27ቱ በቀይ ነበሩ። እኔ ወረቀቱን ሳይ ሃያ ሰባት ብልሽት የተደራረበ መሰለኝ። እሱ ግን አብዛኞቹ መስመሮች አንድ ስም እንደሚደጋግሙ አሳየን፤ ሌሎች ሞዶች የጨዋታውን ሥዕልና ጽሑፍ የሚለውጡበት ኮንቴንት ፓቸር የሚባለው ሞድ አሮጌ ስለነበር በእሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ አብረው ወድቀዋል። እሱ ብቻ በአዲስ ሲተካ ቀዩ ከ27 ወደ 11 ወረደ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱን፣ ኤክስፓንድድንና እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጨምሮ፣ ከየሠሪዎቻቸው ገጽ አዲሱን ዕትም አውርዶ ተካቸው፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገ መለሳቸው፣ በየመሐሉም ጨዋታውን ከፍቶ አየ። ሁለቱ ሞዶች ግን ለአዲሱ ጨዋታ አልተዘጋጁም። ይህን ሳይደብቅ ነገረን፤ ካልታወቀ ቦታ ወርዶ የሚጫን ምትክ ከመፈለግም ያለ እነሱ መቆየት እንደሚሻል መከራት። ጨዋታውን በስቲም በኩል ወደ ቀድሞው 1.5.6 መመለስም እንደሚቻል ነግሮ ምርጫውን ለእሷ ተወላት፤ እሷ አዲሱን መረጠች።

አሥራ አንደኛው የጤፉ ሞድ ነበር። ባለሙያው በአሥር ደቂቃ ሊጨርሰው ሲችል «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ የምታስተካክዪውም አንቺ ነሽ» ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ እሱም ከኋላዋ ቆመ። በኖትፓድ ሲከፍቱት መጀመሪያ የተገኘው አንድ የጎደለ ኮማ ነበር፤ ልጄ ቤት ውስጥ ስትሞክር ያጠፋችው ነው። ኮማው ሲገባ ቀዩ መስመር ጠፋ፤ ጨዋታው ሲከፈት ግን ሥዕሉ ጤፍ፣ ስሙ ስንዴ ሆኖ ታየ። እሷ ግራ ስትጋባ መልሱን አልነገራትም፤ «ሥዕሉ የት ነው የተጻፈው? ስሙስ የት ነው?» እያለ እንድትፈልግ አደረጋት። ሥዕሎቹ ያሉበት ፋይል ስሙ አልተለወጠም፤ የዕቃዎቹ ስም ዝርዝር ያለበት ግን ተለውጧል፤ ስለዚህ ሞዷ የሌለ ፋይል ሲያርም ኖሯል። የቀድሞው ቅርጽ ስሙን፣ ዋጋውን፣ መግለጫውን ሁሉ በአንድ መስመር በእዝባር እየለየ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ በአዲሱ እያንዳንዱ የራሱ መጠሪያ ያለው ለየብቻ ይጻፋል። ሌላም ነገር ነበር፤ ልጄ ከአንድ ቦታ ባገኘችው ምክር በፋይሉ አናት ላይ ያለውን የዕትም ቁጥር ወደ አዲሱ ለውጣዋለች። የቀድሞው ቁጥር ቢቆይ ኖሮ ኮንቴንት ፓቸር አሮጌውን አጻጻፍ ራሱ ወደ አዲሱ ለመለወጥ ይሞክር ነበር፤ ቁጥሩ አዲስ ሲባል ግን ውስጡም አዲስ ነው ብሎ ተወው። ይህን ስትረዳ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ስሙን በአዲሱ አጻጻፍ ራሷ ጻፈችው፤ ጨዋታው ተከፈተ፣ ስንዴ የነበረው ጤፍ ተባለ።

የጤነኛው ቅጂ መመለስ የመጨረሻው ሥራ ነበር። ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን ቀን ቅጂ ወደ ቦታው መለሰና «አሁን ክፈቺው፣ ግን እንዳትተኚ» አላት። ያ የማስወገድ መልእክት አልመጣም። ወደ ሣጥኖቿ ሄደች፤ አንዱን ከፈተች፤ ያከማቸችው ሁሉ አለ። ሁለተኛውንም ከፈተች። እሱም ሁሉንም ሣጥኖች ከፍታ እስክታረጋግጥ ጠበቀና «በይ አሁን ተኚ» አላት።

ሥራው ሁለት ቀን ወስዷል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ፣ በመሐልም ፎቶ ኮፒ ፈላጊው ስለሚበዛ፣ የሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ዋጋውን ከመጀመሪያው «እርሻው ካልተመለሰ አልቀበልም» ብሎ ነበር፤ ሲጠናቀቅ የጠየቀን 400 ብር ነው። ለማውረድ የተጠቀመበትን የራሱን ዳታ እንኳ አልቆጠረውም። እኔ ከፍ አድርጌ ልሰጠው ብሞክርም አልተቀበለኝም። ከመለያየታችን በፊት ስቲም ጨዋታውን ራሷ ስታስነሣው ብቻ እንዲያሻሽል አድርጎ አስተካከለላት፤ ማሻሻያ መጥቷል ሲባልም አስቀድማ ሦስቱን ፎልደሮች ወደ ፍላሽ እንድትገለብጥ፣ ቀይ ጽሑፍ ካየች ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትተኛ አደራ አላት።

ለልጆቻችሁ ጨዋታም ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለቢሮም ሥራ ፋይል የተበላሸባችሁ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የምትኖሩ ሁሉ ለማንም «ፎርማት አድርገው» ከማለታችሁ በፊት እሱን አማክሩት። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ፤ ብልሽቱ የጀመረበትን ቀንና ከዚያ ወዲህ የሞከራችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ እስክትደርሱም ድረስ የተበላሸውን ነገር ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ እዚህ አልጻፍሁትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በእሱ ፈቃድ እሰጣለሁ።

አንተም ይህን ካነበብህ፣ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ቀይ ጤፍ የሚያበቅለውን ሁለተኛውን ሞድ ልጄ በአዲሱ አጻጻፍ ጀምራዋለች፤ ሲያልቅ በፍላሽ ይዛልህ ትመጣለች።