ፓይተን-ቴሌግራም-ቦት ለአማርኛ ቦት ሠሪ፦ ጎበዝ ላይብረሪ፣ ጠባብ ቁልፍ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በሩ ላይ የቴሌግራም አድራሻ ያልለጠፈ ነጋዴ ማግኘት ይቸግራል፤ ከአድራሻው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ቦት ሥሩልን» የሚል ነው። የቴሌግራም የቦት ኤፒአይ (ፕሮግራም ከቴሌግራም ጋር የሚነጋገርበት በር) ተራ የኤችቲቲፒ ጥሪ ስለሆነ ያለ ላይብረሪም፣ ማለትም ያለ ተዘጋጀ ኮድ፣ ይሠራል፤ ግን አፕዴት (ወደ ቦቱ የሚመጣ መልእክት ወይም የቁልፍ ንክኪ) መቀበሉን፣ ስህተቱን በየዓይነቱ መለየቱን፣ ከደንበኛ ጋር የተጀመረ ንግግር የት እንደደረሰ መያዙን ሁሉ በእጅ መጻፍ ያደክማል። ፓይተን-ቴሌግራም-ቦት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ይህን ሸክም በደንብ ያነሳል። በነጻ ነው፣ የአጠቃቀም መመሪያው በዚህ ዘርፍ ካሉት ጥሩ ከሚባሉት ነው፤ ለሱቅ፣ ለካፌ፣ ለክሊኒክ ቀጠሮ ቦት ያለ ማመንታት ይመረጣል። ሲያስቸግር የሚያስቸግረው አማርኛና የእኛን ሰዓት ይዘን ስንገባበት ነው።

አስቀድማችሁ እትሙን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው 20ኛው እትም ላይብረሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ አሲንክ (አንዱ ሥራ ሲጠብቅ ሌላው የሚቀጥልበት አሠራር) አዞረው፤ ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ግን ብዙው አሁንም የ13ኛው እትም ዘመን ነው። ኮዱ «አፕዴተር» ፈጥሮ «ዲስፓቸር» ካወጣ፣ ወይም «ፊልተርስ»ን በትልቅ ፊደል ካስገባ አሮጌ ነው። እሱን ለመጠገን አትድከሙ፤ «አፕሊኬሽን ቢልደር»ን ይዛችሁ ከባዶ ጀምሩ። ከአሮጌው የሚመጣ ሰው ደጋግሞ የሚሠራት ስህተት «አዌይት»ን መርሳት ነው፦ መልእክቱ አይሄድም፣ ቦቱም አይወድቅም፣ ሎግ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቻ ትቀራለች። ሌላው የመጫን ጉዳይ ነው። ሰዓት ጠብቆ የሚሠራው ክፍል፣ የፍጥነት ገደቡ፣ ዌብሁኩ (ቴሌግራም ራሱ አፕዴቱን ወደ እናንተ አድራሻ የሚልክበት መንገድ) እና የሶክስ ፕሮክሲው (በሌላ ኮምፒውተር በኩል መገናኛው) በዋናው ፓኬጅ ውስጥ የሉም፤ በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ሲጫን ስማቸው በአራት ማዕዘን ቅንፍ ይጨመራል።

አሁን ወደ ቁልፉ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ላለ መጽሐፍ ሻጭ የማዘዣ ቦት ተሠራ እንበል፤ ከየመጽሐፉ ሥር የማዘዣ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሲነካ ወደ ቦቱ የሚመለሰው ዳታ ከ1 እስከ 64 ባይት ነው። ፊደል አላልንም፣ ባይት ነው ያልነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት አጻጻፍ) 3 ባይት ስለሚበላ የሚገባው 21 ፊደል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ርዕስ የተሞከረ ኮድ ያለ ችግር ያልፋል፤ አጭር የአማርኛ ርዕስም ያልፋል። ረጅሙ ሲመጣ ቴሌግራም «ባድ ሪኩዌስት» ይመልሳል፣ የሚቀረውም ያ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ቁልፎቹን የያዘው መልእክት በሙሉ ነው። ሻጩ የሚያየው «አንዳንዴ ዝርዝሩ አይመጣም» የሚል ግራ የሚያጋባ ችግር ነው። መፍትሔው ርዕሱን ዳታቤዝ ውስጥ ትቶ ቁልፉ ላይ የረድፉን ቁጥር ብቻ ማኖር ነው። ላይብረሪው የፈለጉትን ዕቃ በቁልፉ እንዲሸከም የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ግን ዕቃውን በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ይይዘዋል፣ ሳይነኩት ከተተወ የሚይዘው 1024 የቁልፍ ሰሌዳ ነው፣ ፕሮግራሙ ተነስቶ ሲመለስም ካላስቀመጡት ይጠፋል። ትናንት የተላከ ዝርዝር ዛሬ ሲነካ ዝም ይላል ማለት ነው። ለሱቅ የረድፍ ቁጥር ይሻላል።

የመልእክት 4096 እና የፎቶ ሥር ጽሑፍ 1024 ገደቦች ግን በባይት የሚቆጠሩ ስላልሆኑ አማርኛ እዚያ አይጎዳም። ትእዛዞች በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ በቁጥርና በሥረ-መስመር ብቻ ይጻፋሉ፤ መግለጫቸው አማርኛ ሊሆን ይችላል። ከእዝባር (/) ቀጥሎ «እዘዝ» ብላችሁ በግዕዝ ትእዛዝ ብትመዘግቡ ላይብረሪው ገና ሲነሳ «ቫልዩ ኤረር» ብሎ ያቆማችኋል፤ ይህ ጥሩ ጠባዩ ነው። የማያስቆማችሁ ነገር የፊደላችን መመሳሰል ነው፦ ደንበኛው «ሰአት» ብሎ ቢጽፍና ማጣሪያው «ሰዓት»ን ቢጠብቅ አይገናኙም። ጽሑፉን ከማነጻጸር በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ።

ዋጋ ስትልኩ ደግሞ ማርክዳውን ቪ2 ከሚባለው የጽሑፍ ማስዋቢያ ራቁ። አራት ነጥባችን ምንም አይነካውም፣ «350.00 ብር» ውስጥ ያለችው ነጥብ ግን የተከለከለች ምልክት ስለሆነች መልእክቱ ይመለሳል። ሰረዝ፣ ቅንፍና ቃል አጋኖም እንዲሁ። ኤችቲኤምኤል አቀራረብ ይሻላል፤ እዚያ የሚጠነቀቁላቸው ሦስት ምልክቶች ብቻ ናቸው።

ሰዓቱ ሌላ ወጥመድ ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የዕለቱን ዋጋ ላክ ልትሉት «ራን ዴይሊ» ላይ 3 ብትጽፉ ጠዋት 12 ሰዓት ይልካል። «አይ፣ በፈረንጅ 9 ነው» ብላችሁ 9 ብትጽፉ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል። ምክንያቱ የሰዓት ክልል ያልተነገረው ላይብረሪ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) መቁጠሩ ነው። በ«ዲፎልትስ» (የቦቱ ነባሪ ምርጫዎች) ውስጥ የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብላችሁ ስጡት፣ ከዚያ 9 ይጻፋል። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ላያገኘው ስለሚችል «ቲዜድዳታ» የሚባለውን ፓኬጅ ጨምሩ። የደረሰ መልእክት ሰዓትም ክልሉን ካልሰጣችሁት በዩቲሲ ነው የሚመጣው፤ ያኔ በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት 3 መደመር ሳይሆን 3 መቀነስ ነው፣ ክልሉን ከሰጣችሁት ግን 6 መቀነስ ነው፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ እዩት። የሳምንቱ ቀናት ቁጥርም ከ20ኛው እትም ወዲህ ተቀይሯል፦ 0 እሑድ ነው፣ ድሮ ሰኞ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚከፍት ሱቅ ከ1 እስከ 6 ይጻፋል። ሰዓቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከነበረ የዚያ ቀን ሥራ አልፏል፤ ወረፋው ዲስክ ላይ አይቀመጥም።

መብራት ካነሳን፣ «ፒክል ፐርሲስተንስ» የደንበኛውን ንግግር ፋይል ላይ የሚጽፈው በየ60 ሰከንዱና ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ኮምፒውተሩ ድንገት ሲጠፋ የመጨረሻው ደቂቃ ትእዛዝ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ ወይም ብዛት የያዘ ነገር በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ ይግባ፤ ፐርሲስተንሱን ለንግግሩ ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት። የተላከው መልእክት ግን በቴሌግራም ዘንድ እስከ 24 ሰዓት ይጠብቃል፣ ስለዚህ የአንድ ሌሊት መቋረጥ ደንበኛ አያሳጣም።

ካዛንቺስ ያለ ቢሮ ውስጥ በተራ የኢንተርኔት መስመር ለሚሠራ ቦት ፖሊንግ (ቦቱ ራሱ ቴሌግራምን «አዲስ ነገር አለ?» እያለ የሚጠይቅበት መንገድ) በቂ ነው፤ የራስ የሆነ የውጭ አይፒ አይጠይቅም። ዌብሁክ ከፈለጋችሁ ኤችቲቲፒኤስ ያለው አድራሻ ያስፈልጋል፣ የሚፈቀዱት ፖርቶችም 443፣ 80፣ 88 እና 8443 ናቸው። በፖሊንግ 409 የሚል ስህተት ካያችሁ ያው ቶክን (የቦቱ የሚስጥር ቁልፍ) ሌላ ቦታ እየሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተዘጋ ላፕቶፕ ነው።

መስመር ሲዘገይ የሚመጣውን «ታይምድ አውት» በጥንቃቄ ያዙት። ነባሪው የመጠበቂያ ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ጊዜው አለፈ ማለት ግን መልእክቱ አልሄደም ማለት አይደለም። ቴሌግራም ተቀብሎ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በጭፍን ደግሞ የሚልክ ኮድ ለደንበኛው ሁለት ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ኤፒአዩም ድግግሞሹን የሚለይበት ቁልፍ የለውም። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 20 ከፍ አድርጉት፤ ደጋግሞ መላክ የሚገባው ሁለት ጊዜ ቢደርስ ለማይጎዳ ነገር ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም ተገድቦ በነበረበት ጊዜ ዓይነት ፕሮክሲ ካስፈለገም ቢልደሩ ላይ ሁለት ቦታ እንደሚሞላ አትርሱ፦ አንዱ ለመላኪያ፣ ሌላው አፕዴት ለመቀበያ። አንዱን ብቻ የሞላ ቦት ወይ ይሰማል አይመልስም፣ ወይ ይናገራል አይሰማም።

ለብዙ ሰው በአንዴ ሲላክ ገደቡ በሰከንድ ወደ 30 መልእክት ነው፣ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ በደቂቃ 20። 3000 ደንበኛ ላለው ሱቅ በሰከንድ 25 ብትልኩ 2 ደቂቃ ይፈጃል፤ መቸኮል ጥቅም የለውም። «ኤአይኦ ሬት ሊሚተር» ይህን ይጠብቅላችኋል፣ ግን «ሪትራይ አፍተር» (ቆይታችሁ ሞክሩ የሚለው መልስ) ሲመጣ ደግሞ የመሞከሪያው ቁጥር ሳይነኩት 0 ስለሆነ ራሳችሁ 2 ወይም 3 አድርጉት። «ፎርቢደን» ሲመጣ ሰውዬው ቦቱን ዘግቶታል፤ ከዝርዝሩ አውጡት። በየሃንድለሩ (መልእክት ሲመጣ በሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ ደግሞ ተራውን «ሪኩዌስትስ» ወይም «ታይም ስሊፕ» ከተጠቀማችሁ አንዱ ደንበኛ ሲጠብቅ ሁሉም ይጠብቃል።

ላይብረሪው ከሥሩ የሚጠቀመው ኤችቲቲፒኤክስ በ«ኢንፎ» ደረጃ እያንዳንዱን ጥሪ ከነአድራሻው ሎግ ላይ ይጽፋል፣ በቴሌግራም አድራሻ ውስጥ ደግሞ ቶክኑ አለ። ሎጉን ለእርዳታ ግሩፕ ላይ የለጠፈ ሰው ቦቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። የኤችቲቲፒኤክስን ሎገር ወደ «ዋርኒንግ» ከፍ አድርጉት፤ ቶክኑ ወጥቶ ከሆነም ቦትፋዘር (ቶክን የሚሰጠው የቴሌግራም ቦት) ጋ ሄዳችሁ በዚያው ሰዓት አስቀይሩት።